ወንዙ ዛሬ ምን ለበሰ?

ከማቅለሚያው ኋላ፥ ከጡብ አጥሩ ማዶ፥
ኖይያል ይወርዳል በሰው ፋሽን ለምዶ።
ሰኞ ቀይ ይለብሳል፥ ሐሙስ ሐምራዊ ነው፤
ሸሚዙ ሳይሰፋ ቀለሙን ያየነው
እኛ ነን፥ የቲሩፑር ልጆች፥
የሩቅ አገር ሰው የከርሞ ልብሱን ቀድመን አዋቂዎች።

መምህርት ካያልቪዚ አዲስ የገባች ለት፥
በፖሊቴክኒኩ፥ በቆርቆሮው ቤት፥
መጽሐፍ አልያዘችም፤ ያቻር ብልቃጥ ነው፥
እስከ አንገቱ ድረስ ወንዝ ያጨቀችው።
«ወንዙ ዛሬ ምን ለበሰ?» አለች።
ዝም አልን።
እኔ ግን አውቃለሁ። ካባቴ እጅ ላይ፥ እስከ ክርኑ ድረስ፥
በሳሙና የማይለቅ፥ በጋዝ የማይደመሰስ፥
ያው አረንጓዴ ነው፤ እራቱን ሲበላ
ነጩ ሩዝ የሚሸሸው ወደ ሳህኑ ኋላ።

«ቀለምስ ይታያል፥ ይታማል፥ ይከሰሳል፤
ጨው ግን ጨዋ መስሎ ከሥር ላይ ይደርሳል»
አለችና ነከረች መለኪያዋን ካንገት፤
ቁጥሩ ወጣ፥ ወጣ፤ ማረፊያ አጣ ድንገት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጉድጓድ ለጉድጓድ ዞርን፤
ገመድ፥ ጠርሙስ፥ ደብተር፥ ውሻ የሚያባርረን።
የአንዲት ባልቴት ምስር ግማሽ ቀን ቢፈላም
ከድንጋይነቱ ንቅንቅም አላለም።

ከዚያ ፍርድ ቤቱ ማቅለሚያውን ዘጋ፤
አባቴ ሦስት ወር ዋለ ከገመድ አልጋ።
እጁ ቀስ በቀስ ጠራ። ድስታችንም ጠራ።
ሰፈሩ በሞላ ስሟን በክፉ ጠራ።
«መለኪያ ያዥዋ ናት ሩዜን የደፋችው!»

አንድ ምሽት መጣች፤ ብቻዋን፥ በብስክሌት።
«ይቅርታ» አላለች፥ «አይዞህ» አላለች፤
ከደጃፉ ሲሚንቶ ላይ ንድፏን ዘረጋች፥
ማዕዘኑን ባራት ጠጠር ጫን አረገች።
«በአንድ ሊትር ስንት ግራም ጨው ትጨምራለህ?
የመጽሐፉን አይደለም፤ ያንተን ንገረኝ።»
አባቴ ጠጠሮቹን አየ።
«መጽሐፉ ስልሳ ይላል። እኔ ሰማንያ።
አለቃ ሲቸኩል፥ ዘጠና።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀው
ይህን ነበር።
እሷም ስልሳን ሰርዛ ዘጠና ጻፈች፤
«እንግዲህ ማትነኛው ይተልቅ» አለች።

ዛሬ እኔ የዚያው ማጣሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤
ፓምፑ ሲያንጎራጉር እንቅልፍ የሚያስመኘኝ።
ውኃው ስስ ገለፈት አልፎ ይመለሳል፥
ከጋን ወደ ጋን ዞሮ ሌላ ሸሚዝ ያለብሳል።
ጨው ግን የት ይሄዳል?
«ጨው ሆይ፥ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ አለዚያ
ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል» ነበር ተረቱ፤
ይኼ አልጣፈጠ፥ አልተጣለ፤ ሞላ መጋዘን ቤቱ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ከረጢት፤ ቆጥሬዋለሁ።
አንድ ሌሊት ደግሞ መብራት ያጠፋ መኪና
ጭኖ ሲወጣ አይቼ፥ ሰሌዳውን ጻፍኩና
ለካያልቪዚ ሰጠኋት። ባለቤቱ አኮረፈ፤
የዚያ ወር ደመወዜ አሥር ቀን አሳለፈ።

እሑድ ዕለት ወረድን ወደ ሸለቆው መጨረሻ፥
ፍሬው ዕንባ ዕንባ ከሚለው ከቼንያፓን እርሻ።
ሽማግሌው በማጭድ አንድ ኮኮናት ገመሰ፥
ዘረጋላት። እሷ ግን፥ እጇ እንደ ለመደው፥
መለኪያዋን ነከረችበት።
ሳቀ፤ «ልጄ፥ ምላስ የለሽም?»
ቁጥሩ ከልኩ በላይ ነው። ዛሬም።
አሳየችው። አልዋሸችውም።
እሱም ከእጇ ወስዶ ጎንጨት አለለት፥
ፊቱን ጨምደድ አርጎ ጥቂት ቆየበት፤
«ካምናው ይሻላል» አለና
የቀረውን ለኔ ሰጠኝ።
ጨው ጨው ይላል።
ጠጣሁት።